ኢንሳፍ በፍል ውሃው ደጃፍ

ኢንሳፍ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓሣ ሸጣ ነው የኖረችው። ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች፤ ከታንኳ የወረደውን ቆሮሶ ዓሣ ተቀብላ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ቅርፊቱን ትፍቃለች፣ ሆድ ዕቃውን ታወጣለች፣ ከዚያ ለሐይቅ ከተማ ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። ሁለት ሴት ልጆቿን ያስተማረችው በዚህ ነው። የማለዳው ውሃ ግን ዋጋውን አልተወም፤ ጣቶቿ ተቆለመሙ፣ ጉልበቷ አበጠ። ከመርፌም ከኪኒንም ይልቅ የሚበጃት ቆላ ያለው የሸህ ሀሚድ ፍል ውሃ ነበር።

ፍል ውሃው ከአርዲቦ ሐይቅ ወዲያ ቁልቁል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ገንዳውን የከበበውን የድንጋይ ቤት ማን እንደሠራው በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ሽማግሌዎች ከጣሊያን በፊት ነው ይላሉ። እስላሙ ቢስሚላሂ ብሎ፣ ክርስቲያኑ አማትቦ ይገባበታል። እስከ ቀትር የሴቶች፣ ከቀትር በኋላ የወንዶች ነው። መሣሪያ ይዞ መግባት ነውር ነው።

በ2014 ጥቅምት፣ ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። ልጆቿ አትሂጂ ብለው ለምነዋት ነበር። ግን ጣቶቿ ቢላ መጨበጥ ተስኗቸዋል፤ ጦርነቱ እስኪያልፍ ብትጠብቅ በምን ትኖራለች? ጎረቤቷ አሰገደችም ወገቧን ታማ ነበርና ተያይዘው ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዘጠኝ ሴቶች ገንዳው ውስጥ ሳሉ፣ የፍል ውሃው ጠባቂ ሰላሀዲን ከውጭ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጣራ። ታጣቂዎች ከላይ እየወረዱ ነው፣ አሥራ አምስት ይሆናሉ፣ ቶሎ ውጡ አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ቤቱ ያለው አንድ በር ነው፤ እሱም ከመንገዱ ፊት ለፊት። ሴቶቹ ራቁታቸውን ተያዩ። አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ሌላዋ አፏን ያዘቻት። ቦዩን ያሰበችው አሰገደች ናት። ያገለገለው ውሃ በግድግዳው ሥር አልፎ ወደ ማሽላ ማሳ በሚፈስበት ቦይ ሰው በደረቱ ተስቦ ያልፋል። ግን አንድ በአንድ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።

“እኔ በሩ ላይ አቆያቸዋለሁ” አለች ኢንሳፍ።

ጉልበቷ እንደማያስኬዳት ታውቃለች። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እማማ ኑርሀያትም መሳብ አይችሉምና የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቀሩ።

እርጥብ ገላዋ ላይ ቀሚሷን አጥልቃ፣ ሻሿን አስራ፣ እግሯን ዘርግታ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ታጣቂዎቹ አቧራ ለብሰው ደረሱ። አንዱን ቁስለኛ ደግፈውታል። አለቃቸው ቀጭን ወጣት ነው።

ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቃት። ሴቶች ናቸው፣ ሰዓቱም የሴቶች ነው አለችው። ገላችንን ከታጠብን ወር አልፎናል፣ ቀትር አንጠብቅም አላት። እሷም እንዲለብሱ ጥቂት ታገሡ ብላ ለመነችው። ከጀርባዋ፣ ቦዩ ውስጥ የሚሳቡት ሴቶች ጉልበት ድንጋዩን ሲፍቅ ይሰማታል። አራተኛዋ ናት ስትል በልቧ ቆጠረች። ወዲያው ከውስጥ የአንዷ ሳል ተሰማ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለ አለቃው።

“ገንዳውን እያጠቡላችሁ ነው።”

ዓይኗን ትኩር ብሎ አያት። እሷ ቶሎ ብላ ወሬውን ወደ ቁስለኛው አዞረች፤ ክፍት ቁስል ይዞ እዚህ ሙቀት ውስጥ እንዳይገባ፣ ደሙ እንደሚፈታበት፣ ከታች ባለው ቀዝቃዛ ምንጭ ቢያጥቡት እንደሚሻል ነገረቻቸው። ሁለቱ ይዘውት ወረዱ። ከአለቃው ኋላ የቆመው ግን ትዕግሥቱ አልቆ የጠመንጃውን አፈሙዝ ትከሻዋ ላይ ጫነባት። ብረቱ ፀሐይ መትቶት ያቃጥላል። አልተነሣችም። ውስጡ ጭር ሲል ብቻ ግድግዳውን ይዛ ቆመችና በሩን ለቀቀች።

አለቃው ሲገባ ያገኘው አሮጊቷን ብቻ ነው።

“ሌሎቹስ?”

ልትዋሽ ፈለገችና ተወችው። በጣቷ ቦዩን አሳየችው። ተንበርክኮ አየው፤ ወዲያ ማዶ ማሽላው ብቻ ይታያል። ኢንሳፍ ሞቴ ደረሰ ብላ በልቧ ሸሃዳዋን አለች።

“በሩ ላይ የያዝሽን ለዚህ ነው?”

“ለዚህ ነው።”

ያ አፈሙዝ የጫነባት ጠመንጃውን አቀባበለ። አለቃው ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ውሃው መልሶ፣ “አሮጊቷን ይዘሽ ውጪ” አላት።

ስልኳን፣ ጫማዋንና ስንቋን ወሰዱ። በባዶ እግሯ እማማ ኑርሀያትን ደግፋ፣ እያረፈች እየተነሣች፣ የመጀመሪያው መንደር ስትደርስ የከሰዓት በኋላው የዐሱር አዛን ይሰማ ነበር። ሰባቱም ሴቶች እዚያ ናቸው። አሰገደች እግሯን ታጥብላት ጀመር።

ሰላሀዲንን መንገድ አሳይ ብለው ወስደውት ኖሮ ከሳምንት በኋላ በሕይወት ተመለሰ። ሐይቅ ከተማም እስከ ታኅሣሥ በታጣቂዎች እጅ ቆየች። ያ ወጣት ለምን እንደለቀቃት ልጆቿ ብዙ ይላሉ፤ ድፍረቷ ነው ይላሉ፣ ዱዓዋ ነው ይላሉ። እሷ አላውቅም ነው የምትለው። ዓሣውንም ፍል ውሃውንም አልተወችም። ብቻ ገንዳው ውስጥ ስትቀመጥ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነው፤ ተዝናንታ ጀርባዋን ወደ በሩ እንድታዞር አሰገደች ብትለምናትም አሻፈረኝ ትላለች።