ኢንድራሲሪ በጓሮው የሠራው ፎርማ

ኢንድራሲሪ ስለ አንድ ነገር ሲያወራ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤ እጁ ግን ነገሩ ላይ ነው። ስለ ጀልባ ካወራ ጀልባውን ይዳብሳል፣ ስለ ባጃጅ ካወራ የባጃጁን ግንባር። የሚዳብሰው ሲያጣ የገዛ ጉልበቱን ያሻል። ሚስቱ ቪኒታ «የሠርጋችን ቀን እንኳን አጠገቤ ተቀምጦ ወንበሩን ሲደባብስ ነው የዋለው» ትላለች።

ቤታቸው ከእኛ ቤት ጋር አጥር ይጋራል፤ ከቤንቶታ ወንዝ ድልድይ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ዝናቡ ሲገባና ባሕሩ ሲቆጣ ቱሪስቱ ይሄዳል። ወቅቱን ሙሉ ወንዙ ላይ ሲያጓሩ የከረሙት የውሃ ላይ ሞተር ብስክሌቶች፣ ጄት ስኪዎቹም፣ በጋሪ እየተጫኑ ወደ ኢንድራሲሪ ጓሮ ይመጣሉ፤ ሆዳቸው የተሰነጠቀ፣ አፍንጫቸው የተገመሰ። ወንዙ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አሸዋው በየሳምንቱ ቦታ ይቀያይራል። ትናንት ጥልቅ የነበረው ዛሬ ጉልበት አይደርስም። ጋላቢው ይህን የሚያውቀው ሲጋጭ ነው።

«ይኼ ነገር ለሐይቅ የተሠራ ነው» ይላል ኢንድራሲሪ፣ የተሰነጠቀውን ሆድ በመዳፉ እያሻሸ። «ሆዱ በጣም ሹል ነው። ለእኛ ወንዝ ሆዱ ለጥ ያለ፣ ቀለል ያለ ነው የሚያስፈልገው።»

ይህን ሲል ብዙ ዓመት ሰምተነዋል። ያኔ የሚለው ከዱባይ ለእረፍት ሲመጣ ነበር። እዚያ ጀልባ ፋብሪካ ውስጥ ፋይበርግላስ ሲያለብስ ነው ጸጉሩ የሸበተው። ባለፈው ዓመት ግን ውሉ አልቆ ጠቅልሎ ገባ፤ ዝናቡ እንደጀመረም ጓሮው ውስጥ ቆርቆሮ አቁሞ፣ ዙሪያውን በሸራ ጋርዶ፣ የራሱን ጄት ስኪ ቀፎ ሊሠራ ተነሣ።

እኛ ጎረቤቶቹ አንድ ጄት ስኪ የሚሠራ መስሎን ነበር። እሱ ግን ያሰበው ፎርማ ነው።

«መጀመሪያ ሞዴሉን ትሠራለህ» አለኝ አንድ ቀን፣ የዘንባባ ስኳር ነክሰን ሻይ እየጠጣን። «ሞዴሉ ውሃ አያይም፣ ሞተርም አይገባበትም። እሱ ላይ ፋይበርግላስ ታለብስበታለህ። ሲደርቅ ታላቅቀዋለህ። የወጣው ጎድጓዳ ነገር ፎርማህ ነው። ከዚያ በኋላ ፎርማው ውስጥ የፈለግከውን ያህል ቀፎ እያነባበርክ ማውጣት ነው።»

አማቱ ኤስሊን ሀሚኔ በሩ ላይ ተቀምጠው ኮኮናት ይፍቃሉ። «ሞዴሉስ?» አሉ።

«ሞዴሉማ ሥራውን ጨረሰ፣ አማ። ይጣላል።»

«እንደ አማት በለኛ!»

ኢንድራሲሪ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ፎርማው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አልነበረም። የዱባዩ ፋብሪካ መልሶ ይፈልገው ነበርና ደላላው በየጊዜው ይደውላል። ቪዛው ዝግጁ ነው፣ የቀረው የእሱ እሺታ ነው። ኢንድራሲሪም ለደላላውም ለቪኒታም አንድ መልስ ሰጠ፤ ፎርማው በደንብ ከወጣ ይቀራል፣ ካልወጣ ይሄዳል። ድልድዩ ሥር ጄት ስኪ የሚያከራየው ባንዱላ «ፎርማህን ከፍተህ አሳየኝ። ውስጡ እንደ መስተዋት ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀፎዎች እኔ እወስዳለሁ» ብሎታል። ዝናቡ ሳያበቃ ሁለተኛ ሞዴል ለመሥራት ጊዜ አይበቃም፤ ስለዚህ ያለው ዕድል አንድ ነው።

ቪኒታ ይህን ስትሰማ የምትሰፋውን የተማሪ ቀሚስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «የምትቀረው ፕላስቲኩ ደስ ካለው ነዋ?» አለችው። ከዚያ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

ኤስሊን ሀሚኔን በተመለከተ መንደሩ አንድ ሐሳብ ነበረው፤ እንዲሄድ ይፈልጋሉ የሚል። በዱባይ ገንዘብ የተገዛውን ፍሪጅ ለእንግዳ የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው፤ የሳሎኑን ንጣፍ የሚያስጎበኙትም እሳቸው። ደግሞ «ሰው ዱባይ ሲሆን በስልክ ድምፁ ያምራል» የምትል አነጋገር አለቻቸው፣ እሱ ባለበት።

ሞዴሉ አብዛኛውን የዝናብ ወቅት ፈጀ። ኢንድራሲሪ ከኮምፔንሳቶ አጥንት አቆመለት፣ በጠንካራ ፎም ሥጋ አለበሰው፣ ስቱኮ ቀባው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ነው። ይሞርዳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በመዳፉ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ይሄድበታል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ እንደገና ስቱኮ። ሞዴሉ የተቀመጠው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ነው። ኢንድራሲሪን «አይያ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እያለ የሚጠራው ባንዱላ ሊጠይቅ መጥቶ ዙሪያውን ዞረውና፣ «አይያ፣ ይኼ የወፍራም ሰው ሬሳ ሳጥን ነው እንዴ?» አለ።

«ወርድህን ልለካህ፣ ና» አለው ኢንድራሲሪ።

ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ሲያልቅ ግን ማንም አልቀለደበትም። ደጋግሞ ሰም ቀባውና ወለወለው። በመጨረሻ አንድ አረንጓዴ ፈሳሽ ነፋበት፤ ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ሆነ። ፎርማው ሞዴሉ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር የሚለያያቸው ይህ ሽፋን ነው።

«እንግዲህ ውሃ እንዳታሳዩት» አለን። «ውሃ ከነካው እንደ ስኳር ነው የሚሟሟው። ያኔ ሁለቱን የሚለያቸው መጥረቢያ ብቻ ነው።»

የፎርማው ውስጠኛ ሽፋን የሚሆነው የመጀመሪያ ቀለም የሚቀባበትን ሰዓት ያስቆጠሩት ኤስሊን ሀሚኔ ናቸው። ቤት ሲሠራ መሠረቱ፣ ልጅ ሲማር የመጀመሪያው ፊደል በገድ ሰዓት ነው የሚጀመረው፤ ፎርማ ለምን ይቀራል? ኮከብ ቆጣሪው ጠዋት ላይ አንድ ሰዓት ሰጣቸው፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ እንዲጀምርም ነገራቸው። ኢንድራሲሪ «ለአማ ስል ነው እንጂ» ብሎ ነበር፤ በዕለቱ ግን የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነው የወጣው። በአዲስ ሸክላ ወተት ተጣደ፣ ገንፍሎ ወደ ምሥራቅ ሲፈስ ሁላችንም ደስ አለን። የዘይት መብራቱ፣ ፋይበርግላስ የሚያጣብቀው ፈሳሽ ሬዚን እሳት እንዳይስብ፣ ራቅ ብሎ አጥሩ ጋ በራ። ለበረከት የሚረጨው የእርድ ውሃ ሳህንም ከነማንጎ ቅጠሉ አጥሩ ላይ ተቀመጠ። ወደ ቆርቆሮው ሥር እንዳይገባ ኢንድራሲሪ ቀድሞ ለምኗል።

ሰዓቱን በሬዲዮ እየተከታተልን ነበር። ቀለሙን ከማድረቂያው ጋር ሲያማስል ትንሽ ዘገየ። ሁልጊዜ ከመቀባቱ በፊት ለስላሳ ጨርቅ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በባትሪ እያየ ሞዴሉን አንድ ዙር ይጠርጋል። ጨርቁን አወጣ። ልክ ያን ጊዜ ቪኒታ «ሰዓቱ! ሰዓቱ ደረሰ!» ብላ ጮኸች። ኢንድራሲሪ ጨርቁን ኪሱ ከተተው፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ብሩሹን ብርቱካናማው ቀለም ውስጥ ነከረ። የመጀመሪያዋ መስመር አፍንጫው ላይ አረፈች። እልል አልን።

ቀጥሎ ባሉት ቀናት የመስታወት ክሩን ጨርቅ በሬዚን እያራሰ ደራረበበት፤ እንዳይጣመምም ከላይ የእንጨት አጥንት ሠራለት። መንደሩ ሁሉ ሬዚን ሬዚን ሸተተ። የኤስሊን ሀሚኔ ዶሮዎች እንኳን ወደ እኛ ግቢ ተሰደዱ።

ሊከፈት በተቃረበ ጊዜ ኤስሊን ሀሚኔ ለመክፈቻውም ሰዓት ላስቆጥር ቢሉ ኢንድራሲሪ እምቢ አለ። «ሬዚን ሲደርቅ ደርቋል፣ አማ፤ ኮከብ አይጠብቅም።»

አንድ ዝናብ ያባራ ጠዋት ባንዱላ መጣ፤ እኔም በአጥሩ ተጠራሁ። ኢንድራሲሪ ዙሪያውን የእንጨት ሽብልቅ እያስገባ በጎማ መዶሻ ቀስ እያለ መታ። ክፍተት ሲገኝ በቱቦ ውሃ ለቀቀበት፤ አሁን ሽፋኑ እንዲሟሟ ይፈለጋል። ጭራው ጧ ብሎ ለቀቀ። ጎኖቹም ተከተሉ። ቪኒታ መኪናዋን ትታ ወጥታ ነበር፤ እጇ አፏ ላይ ነው።

አፍንጫው ግን አልነቃነቅም አለ።

«አንድ ላይ ወደ ላይ» አለ ኢንድራሲሪ። «ቀስ… ቀስ…» ሳብነው። የሚሰነጠቅ እንጨት ዓይነት ድምፅ ተሰማና ፎርማው በአንድ ጊዜ እጃችን ላይ ቀለለ። ገልብጠን መሬት አስቀመጥነው። ሞዴሉ ያለ አፍንጫ ቀርቷል። አፍንጫው ከነፎሙ፣ ከነስቱኮው ፎርማው ውስጥ ተጣብቋል።

ኢንድራሲሪ ተንበርክኮ መዳፉን ወደ ውስጥ ላከ። ጎኑ ላይ፣ ሆዱ ላይ እጁ ተንሸራተተ፤ ያ ሁሉ መስተዋት ነው። የተጣበቀው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከግራጫው ላይ በጥፍሩ ፋቀና ወደ ብርሃን አወጣው። ዳር ዳሩ ቢጫ ነው። አሸተተው። ከዚያ ወደ ማንም ሳያይ፣

«ሳልጠርግ ነው የቀባሁት» አለ። «የእኔ ጥፋት ነው።»

«አልጠረግክም» አሉ ኤስሊን ሀሚኔ ከበሩ። «የረጨሁት ግን እኔ ነኝ።»

«አማ!» አለች ቪኒታ። «ውሃ አይንካው ተብሎ! ጆሮሽ የት ነበር?»

«ውሃ ነው ያለው። የእርድ ውሃ ውሃ ነው እንዴ? እናንተ ወተቱን ስታዩ ገብቼ በቅጠል ነካ አደረግኩት፣ አፍንጫው ላይ። የሚቀድመው አፍንጫው አይደል?»

ባንዱላ ነገሩን ሊያቀልል ብሎ፣ «አማ፣ ዱባይ እንዲሄድልዎ ነው እንዴ ያበላሹት?» አለ።

ኤስሊን ሀሚኔ ተነሡ። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ለመስማት ሁላችንም ጠጋ አልን።

«እኔ? እኔ ነኝ እንዲሄድ የምፈልገው? ቪኒታ ምጥ ሲይዛት በባጃጅ ይዣት የሄድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ባሌ የሞተ ቀን ይኼ ልጅ ቀብሩን በስልክ ነው ያየው። ስልኩን ይዤ ሬሳው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ። ፍሪጁ ነው ሬሳ የሚሸከም?»

«ታዲያ ዱባይ ሲሆን ድምፁ ያምራል እያሉ…» አለ ባንዱላ።

«እና እያለቀስኩ ላናግረው ኖሯል? ሥራ ላይ ያለ ሰው?» ወደ ኢንድራሲሪ ዞሩ። «እነሱ ፎርማው እንዲወጣ ነው የለመኑት። እኔ የለመንኩት ያ አውሮፕላን ጥሎህ እንዲሄድ ነው። ፕላስቲኩ ምን ይሁን ምን።»

ኢንድራሲሪ ጉልበቱን ያሻል። ፎርማው አጠገቡ እያለ ጉልበቱን ሲያሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አይያ» አለ ባንዱላ፣ አሁን ሳይቀልድ። «ይኼ ይድናል?»

«ፎርማው አልተቀደደም። የተሰበረው ሞዴሉ ነው።» አለ ኢንድራሲሪ። «የተጣበቀውን ፍቄ ካወጣሁ በኋላ ሥሩ ደህና ከሆነ ይሞረዳል፣ ይወለወላል። ሥሩ ቀለሙ ከተጨማደደ ግን… ቆርጦ መሙላት ነው። እንደ በፊቱ መስተዋት መሆኑን አላውቅም።»

«እኔ ብርሃን ላይ ሳላየው ቃል አልሰጥም» አለ ባንዱላ። «ታውቀኛለህ።»

«አውቅሃለሁ።»

ኢንድራሲሪ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ስልኩን አወጣ። ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ቪኒ፣ ለደላላው ምን ልበለው?»

ይህ ጥያቄ በስንት ዓመቱ እንደመጣላት ከቪኒታ ፊት ይታይ ነበር። «ፎርማህ እኮ ገና አልለየለትም» አለች።

«አዎ፣ አልለየለትም። ምን ልበለው?»

«ለሌላ ሰው ስጠው በለው።»

እዚያው ቆሞ ደወለ። ደላላው ሲጮህ እኛም እንሰማዋለን፤ ቪዛው ይቃጠላል፣ እንዲህ ዓይነት ዕድል አይገኝም፣ ምናምን። ኢንድራሲሪ እስኪጨርስ ጠበቀውና፣ «ወንድሜ፣ ለሌላ ሰው ስጠው» አለ። «አዎ፣ አስቤበታለሁ። አይ፣ ፎርማው ገና ነው። ፎርማው ሌላ ጉዳይ ነው።»

ስልኩን ለቪኒታ አቀበላት፤ መሮና ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ባልዲም ውሃ ፈለገ። ባልዲውን ያመጡት ኤስሊን ሀሚኔ ናቸው፤ ሁለት እርምጃ ርቀው አስቀመጡት፤ «አሁን ይነካል ወይስ አይነካም?» አሉ።

«አሁን ይነካል፣ አማ።»

አፍንጫው ጠባብ ስለሆነ ኢንድራሲሪ ፎርማው ውስጥ በሆዱ ተኝቶ በጭንቅላቱ ገባ። ከውጪ የቀሩት እግሮቹ ብቻ ናቸው። ባንዱላ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። እኔ ቆየሁ፤ ሻይ እየተፈላ ነበር። ሲፍቅ፣ ሲያርፍ፣ ሲፍቅ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ በመዳፉ እየሄደበት መሆኑ ገባኝ።

«እንዴት ነው?» አለች ቪኒታ ወደ እግሮቹ ጎንበስ ብላ።

«ይህችኛዋ ጎን ደህና ናት» አለ ከውስጥ። ድምፁ ከጋን ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነበር። «ያኛዋ ትንሽ ተጨማድዳለች። ነገም ከነገ ወዲያም እሠራባታለሁ።»

«ሻዩ ይቀዘቅዛል!» አሉ ኤስሊን ሀሚኔ።

«መጣሁ፣ አማ» አለና መፈቅፈቁን ቀጠለ።