ያልተከፈተው የሲዲ ማስገቢያ

መገናኛ፣ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ የሲዲ ማስገቢያ ሲንሸራተት ስሰማ ጎሮ ያለው የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ።

ያኔ ቤታችን የነበረው ኮምፒውተር የአጎቴ ነበር። የማስገቢያው ቁልፍ ስለተሰበረ የምከፍተው በጻፍኳት አጭር ፕሮግራም ነበር። እናቴ በዚህ «ሊቁ» ትለኝ ነበር።

አጎቴ ኮምፒውተሩን ሊወስድ ሲመጣ፣ ሟቹ አባቴ የዘመረበት ብቸኛ ሲዲ ውስጡ ነበር። መብራት የለም።

«ክፈተው እንጂ፣ ሊቁ!» አለች እናቴ።

«ያለ መብራት ትእዛዝ አይሰማም።»

«መኪናው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ እህቴ። ሐዋሳ ስደርስ እልከዋለሁ» አለ አጎቴ።

እናቴ ነጠላዋን ያያያዘችበትን መርፌ ቁልፍ ነካካች። ሲዲው አልተላከም።

ዛሬ ጥገና ቤቱ ውስጥም መብራት ጠፍቶ ነበር። ጠጋኙ ከማስገቢያው ሥር ባለች ቀዳዳ የመርፌ ቁልፍ ጫፍ ሰካ፤ ተንሸራትቶ ተከፈተ።

«ይቺንማ ሕፃንም ያውቃታል» አለኝ።