ሣር የማያበቅለው መንገድ

አሶሳ ውስጥ ቤት ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ደላላ ነው። ደላላውም ቤቱ ገነት፣ ሻጩ መልአክ መሆኑን፣ ሌላ ገዢ ደግሞ በባጃጅ እየመጣ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ ይነግረዋል። ሰውየው ዕድል ከቀናው ቀጥሎ የሚያገኘው ሸዋሉል አምባውን ነው። ሸዋሉል ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የቤት ሽያጭ ውል ታዘጋጃለች፤ ገዢንም ባለቤትንም ታማክራለች። ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስትሠራ ኖራ፣ ሕጉን በማታ ትምህርት ጨርሳ ነው የራሷን በር የከፈተችው። ለቸኮለ ሰው ፊት አትሰጥም። እኔ እንዲህ ያለች ሴት ደስ ትለኛለች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ እፈራታለሁ።

ካርታው በማን ስም ነው፣ ሻጩ ሚስት አለው ወይ፣ ቤቱ ዕዳና እገዳ የለበትም ወይ ብሎ መጠየቅ የማንም የሕግ ሰው ሥራ ነው። የሸዋሉል ግን ሌላ ነው። ውል ላይ የቤቱ አዋሳኝ ይጻፋል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ እየተባለ። ሌላው ይህንን ከድሮው ወረቀት ቁጭ ብሎ ይገለብጣል። እሷ የጎማ ቦቲዋን አጥልቃ ቦታው ድረስ ትሄድና የአራቱንም ጎን ጎረቤት እየጠራች አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቃለች። ባለቤቱ ማነው አትልም።

«እዚህ ቤት የሚገባው የሚወጣው ማነው?» ነው የምትለው።

ደላሎቹ በዚህ ነገሯ ደማቸው ይፈላል። ልማዷ ከየት እንደመጣ ቢያውቁ ግን ይተዉዋት ነበር ብዬ አስባለሁ።

አባቷ አቶ አምባው በድርቁ ዘመን ከወሎ ወደ ባምባሲ አካባቢ በሠፈራ የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ ሸዋሉል ያኔ በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። መንግሥት ሲለወጥ አገሬን ልይ ብለው ሄዱ። ቤታቸው እንደቆመ ነው፤ ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። እነ አምባውን በረሃ ላይ ወባ ፈጃቸው ተብሎ ቤቱም መሬቱም ለሌላ ተሰጥቷል። አቶ አምባው በሩን ማንኳኳት አቃታቸው። ጎህ ሲቀድ እየመጡ የገዛ አጥራቸውን ሲዞሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ በጠራራ ፀሐይ ብቅ ሲሉ፣ አብራቸው ያደገች ጎረቤታቸው እንስራዋን ጥላ እየጮኸች ሮጠች፤ መንደሩም ቄስ ጠርቶ ጠበል አስረጨባቸው። ተመለሱ። እስከ ዕለተ ሞታቸው «ማንም አልጠየቀም እኮ» ይሉ ነበር፤ ሌላ ምሬት አልነበራቸውም።

እንግዲህ ይህቺ ሸዋሉል ለሰው ቤት ስታስገዛ ጠጉሯ ሸበተ፤ የራሷ ጣሪያ ግን የላትም። ከአንዱ ኪራይ ወደ ሌላው ዕቃዋን በጋሪ ስታዞር ነው የኖረችው። የምትፈልገው አንዲት የማርጀቻ ቤት ነበረች፤ ማንም ነገ ልቀቂ የማይላት። ለዚህም ስትቆጥብ ኖራ፣ አንድ ክረምት ማብቂያ ላይ የሰራዊትን ቤት አየችና ልቧ ዘለለ።

ሰራዊት ጉባ ላይ ግድቡ ሲሠራ በያጅ የነበረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ከቀርከሃው ጫካ ጋር ይዋሰናል፤ ሁለት ክፍል፣ ሰፊ በረንዳ፣ ሁለት ማንጎ። እሱ ግን አይኖርበትም፤ ከተማው መሀል ተከራይቷል።

«ባለቤቴ ሕሊና እናቷን ልትጠይቅ ወደ ድባጤ እንደሄደች ያ ሰው ያለቀበት ግርግር ደረሰባት» አላት። «ፈልጌ ፈልጌ ተስፋ ቆረጥኩ። በምስክር ሞታለች ተብሎ ማስረጃ ተሰጥቶኛል። የእሷን ድርሻም ዘመዶቿ ፍርድ ቤት ቀርበው ለእኔ ትተውልኛል።»

«ልጅስ አላችሁ?»

«የለንም» አለ ቶሎ ብሎ፣ ቀና ሳይል።

ማስረጃው አንድም ጉድለት አልነበረበትም። ሌላ ሰው ቢሆን ዕለቱን ይፈርም ነበር። ሸዋሉል ግን ቦቲዋን አጠለቀች።

ግቢውን ሣር ውጦታል፤ ወገብ ድረስ ይደርሳል። በደቡብ በኩል ግን፣ የቀርከሃው አጥር ላይ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ከክፍተቱ እስከ ጓሮው በር ድረስ አንዲት ቀጭን መንገድ ተዘርግታለች፤ አንድ ዘለላ ሣር የላትም፤ ቀይ አፈሯ ጠንክሮ ለስልሷል። ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት ሆኖታል። ሸዋሉል መንገዷን ቆማ አየቻትና ወደ ጎረቤት ሄደች።

በምሥራቅ በኩል የሚኖሩት እማማ ኻሚስ የአሶሳ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ነው። ሸዋሉል ጥያቄዋን ስታቀርብላቸው መጀመሪያ ወደ አጥሩ አዩ።

«ሴትዮ ይመጣል» አሉ። «ጠዋት ይመጣል፣ ይጠርጋል፣ ይሄዳል።»

«ማን ናት እማማ?»

«ወላሂ አላውቅም። አንድ ቀን ሰላም አልኩ። ዝም አለ። መጥረጊያ ብቻ ይሰማል።»

«ሕሊና ትሆን?»

አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። «ሕሊና ሞተ ብለው አልቅሰናል። እኔ ራሴ አለቀስኩ። አንዴ ያለቀስኩትን ሰው አሁን እንዴት ጠራለሁ?»

ሸዋሉል ቁልፉን ከሰራዊት ተቀብላ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ገባች፤ ምን እንደምትሠራ አልነገረችውም። ከጓሮው በር ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጉሙ በመስኮቱ ሲነጣ ድምፁ ተጀመረ፤ መጥረጊያ አፈር ላይ፣ ሸር፣ ሸር፣ ቀስ እያለ ወደ በሩ የሚመጣ። ምን ያደርግልኛል፣ ይቅርብኝ ብላ ልትነሳ ነበር። ከዚያ አባቷ የገዛ አጥራቸውን ሲዞሩ ታዩዋት።

«እንዴት አደርሽ» አለች በበሩ በኩል። «ሸዋሉል አምባው እባላለሁ። ይህን ቤት ልገዛ ነው። የሚገባ የሚወጣውን ሳልጠይቅ ግን አልገዛም። እዚህ የቀረሽ ነገር ካለ አሳውቂኝ።»

መጥረጊያው ቆመ። ከደጅ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነበረች። ብዙ ቆይታ በሩን ስትከፍት ማንም የለም። አፈሩ እስከ በሩ ደፍ ድረስ ተጠርጓል፤ የእግር አሻራ የለበትም። ስትገባ ባዶ የነበረው የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ግን አንዲት የትንሽ ልጅ ቀሚስ ተሰጥታለች። ገና ታጥባ ውኃዋ ጠብ ጠብ ይላል።

ከዚያ በቀጥታ ሰራዊት ዘንድ ሄደች። ሽቦው ላይ የልጅ ቀሚስ አየሁ አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። ሰራዊት ባለበት መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ቢጫ ናት?» አለ።

ቢጫ ነበረች።

«ሕብረት» አለ ሰውየው። «ልጃችን ናት። አብራት ሄዳ ነበር። ገና ትንሽ ነበረች። የእናትየውን ማስረጃ አወጣሁ፤ የልጄን ግን ሞተች ብዬ ለመናገር አፌ እሺ አላለኝም። አለች እንዳልል የለችም። አላችሁ ወይ ስትይኝ ምን ልበል?»

ሸዋሉል አጠገቡ ተቀመጠች። እንዳለቀሰች አልደብቅም፤ ለእሱም ለራሷም ነው ያለቀሰችው።

«ሞታለች ያልተባለች ልጅ በሕግ በሕይወት ናት» አለችው። «የእናቷ ድርሻ የእሷ ነው እንጂ የዘመዶቿ አልነበረም። አንተ የእሷን ግማሽ አትሸጥም፤ እኔም አልገዛም።»

የማርጀቻ ቤቷ በገዛ አፏ ከእጇ ወጣ። ሰራዊት ግን ቤቱ ባዶ ከሚሆን ተከራይተሽ ጠብቂልኝ ብሎ ለመናት፤ እሷም ገባች። በርግጥ ሌላ ሰው ቢሆን አይገባም ነበር። የግቢውን ሣር አሳጨደች፤ መንገዷን ግን ነካ አላደረገቻትም። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያው ሲጀምር በበሩ በኩል እንዴት አደርሽ ትላለች፤ መልስ አትጠብቅም። ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት። እንዲያውም ሳይሰማ የቀረ ዕለት ሥራ ላይ ልቧ አይረጋም ነበር።

ክረምቱ ዞሮ ሲመጣ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ አንድ ጠዋት፣ መጥረጊያው አልተሰማም። በሩን ከፈተች። መንገዷ ላይ፣ በጭቃው ውስጥ፣ ከአጥሩ ክፍተት እስከ ደፉ ድረስ ባዶ እግር አልፏል፤ የትልቅ ሰው፣ ከጎኑም የልጅ። የሚመለስ አሻራ አልነበረም። ቤቱ ውስጥም ማንም አልገባም።

ሰራዊት የአሻራውን ነገር ነግራ ስትጠራው እየሮጠ መጣ። ከኪሱ የልጅ ነጠላ ጫማ አወጣ፤ ሕብረት ስትሄድ ረስታው የቀረ ነው። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጫማውን ከአሻራው ጋር አስተያየ። አሻራው ከጫማው በጣቶቹ ሁሉ አልፎ ሄዷል። ሰውየው ጫማውን አነሳ፣ ደግሞ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ።

«አድጋለች» አለ። «የሞተ ሰው አያድግም አይደል እትዬ?»

እማማ ኻሚስ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ያያሉ፤ ቄስ የጠራ፣ ጠበል ያስረጨ ግን የለም። ሸዋሉል ገብታ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

«ምን ሆነሽ ነው? ቤቱን አልሸጥም፤ አንቺም አትለቂም» አላት ሰራዊት።

«ባለቤቶቹ መጥተዋል» አለች። የጓሮውን በር ቁልፍ አውጥታ ደፉ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ፣ ዝቅ አድርጋ፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ሰቀለችው።

ዛሬም የምትኖረው በኪራይ ነው። ሰራዊት ግን ቤቱ ገብቷል፤ በሩንም አይቆልፍም።