ጋሽ ደምሴ ከሄዱ እህቴን ማን ያቆይልኛል?

ውሸት ነው በሉኝ። እባካችሁ አንዳችሁ ውሸት ነው በሉኝ።

ረፋድ ላይ ከአገሬ ከዘመሮ ደውሎ "ጋሽ ደምሴ ዐረፉ" ያለኝን ልጅ ተቆጣሁት። "የማይቀለድበት ነገር አለ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። መልሼ ስደውል እያለቀሰ ነው። ማለዳ ጓሳ ሜዳ ላይ በግ ሊከትቡ ወጥተው፣ ደረቴን አመመኝ ብለው ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ትናንት እኮ በስልክ ስንስቅ ነበር!

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ደምሴ በሥራቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። እሑድ እሑድ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህር። መንዝ ውስጥ "እኔ ደግሞ ምን እችላለሁ?" እያልን ያደግን ስንት ልጆች ዛሬ ነርስ፣ መምህር፣ ዲያቆን የሆንነው በእሳቸው ነው። እኔም አሁን ደብረ ብርሃን የማስተምረው በእሳቸው ነው።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ጉባኤ ላይ ወጥቶ የሚያስተምረው ጎበዙ ልጅ አይደለም፤ በጣም የፈራው ነው። ሌላው ሰው "የፈራ ይመለስ" ይላል። እሳቸው "የፈራ ይቅደም!" ብለው ዓይናቸውን በየተራ ያሳርፉብናል። ያኔ ሁላችንም ደፋር ለመምሰል አንገታችንን እናቀናለን። ግን እሳቸውን ማን ያታልላቸዋል? የበግ ትኩሳት በመዳፋቸው የሚያውቁ ሰው የእኔ መንቀጥቀጥ ይጠፋቸዋል?

የመጀመሪያ ቀኔን እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ስለ ጾም ላስተምር ወጣሁ። ሕዝቡን ሳይ ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አፌ ላይ የመጣው "አቡነ ዘበሰማያት" ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ የጉባኤ መዝጊያ ነው! ሕዝቡ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። አብረን ደገምን፣ አሜን ተባለ፣ አባቶች ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ትምህርቱ ሳይጀመር አለቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ጋሼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "አይዞሽ፣ ከዚህ ያጠረ ጉባኤ አይተው አያውቁም፤ መርቀውሽ ነው የሄዱት" አሉኝ። ከዚያ ሳቁን ተዉት።

"መክሊቱን የሚቀብር ሁሉ ሰነፍ አይምሰልሽ፣ ልጄ። አብዛኛው ፈርቶ ነው። ጎኑ ቆሞ አይዞህ የሚለው አጥቶ ነው። ለሚመጣው እሑድም አንቺው ነሽ።"

በሚቀጥለው እሑድም ወጣሁ። ድምፄ እየተቆራረጠ ጨረስኩት። እሳቸው ከጎኔ አልተነሡም።

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ብቻ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሐዘኔ ፍርሃቴ ይበልጣል።

ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከክረምት ወዲህ ልቧ ሸፍቷል። ጓደኞቿ ደላላ ተከትለው በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። ደርሰናል ብለው የደወሉ አሉ። ድምፃቸው የጠፋም አሉ። እሷ የምታስበው የደወሉትን ብቻ ነው። እናታችን ለመነቻት፣ እኔ ተቆጣኋት፣ ወይ ፍንክች!

ጋሼ ግን ቤት ድረስ ሄደው አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። "ሕፃናቱን ሒሳብ ስታስረጂ ተደብቄ አይቻለሁ" አሏት። "እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አስተምሬ እንዳንቺ ማስረዳት አልቻልኩበትም። አንቺ ገና ራስሽን አላየሽም። እስከ ፈተናው ብቻ ቆዪልኝ።"

እሺ አለች። ለእኛ አይደለም እሺ ያለችው፤ ለእሳቸው ነው።

ዛሬ መርዶውን እንደሰማሁ ደወልኩላት። አታነሳም። ደገምኩ፣ አታነሳም። አንድ ጊዜ ከከተማ ወጥታ መኪና ላይ ስትሳፈር ታየኝ፣ አንድ ጊዜ በረሃ ላይ ውኃ ጠምቷት ታየኝ። ሰው ሲፈራ የማያየው የለም። ከስንት ጭንቅ በኋላ ራሷ ደወለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ ከሌሉ ለማን ብዬ ነው የምቆየው?" አለችኝ።

መምህር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሳወራ እውላለሁ። ለእህቴ ግን "እየመጣሁ ነው" ብቻ አልኳት።

በጋሼ እጅ ያደጋችሁ ሁሉ፣ "ነፍስ ይማር" ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ለአንድ ልጅ ደውሉ። ምን እንደሚችል ንገሩት። እሳቸው ብቻቸውን ይሸከሙት የነበረውን እኔ ብቻዬን አልችለውም። ዘመሮ ያላችሁ ደግሞ እስክደርስ ድረስ እህቴን እዩልኝ።

ጋሼዬ፣ ይህን የምጽፍልዎ መናኸሪያ መኪና እየጠበቅሁ ነው። ስለ ሁላችንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ስሙን ያስተማሩን አምላክ በር ላይ ወጥቶ ይቀበልዎ። ደህና ይግቡ። ትዕግሥት ነገ ቀብርዎ ላይ ከመዘምራኑ ጋር እንደምትቆም ነግራኛለች። ከነገ ወዲያ የት እንደምትሆን ግን አልነገረችኝም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ፣ ጋሼ።