ቸርኬው የተሰቀለበት ዋንዛ

ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጄን በትምህርት ቤትህ በር ላይ ስጠብቅ ደወሉ፣ ቸርኬው ተመታ። ከቢሮህ መስኮት አይተኸኝ ይሆናል፤ ሁለት እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነበር። ጮኾብኝ አይደለም። የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ መጀመሪያ ጆሮ ይበሳል፣ ከዚያ ድምፁ እየራቀ፣ እየወፈረ፣ ወደ ውስጥ እየገባ ይሄዳል። ያ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ ቀፎ ውስጥ ያለ ንብ ይመስላል። ልጅ ሆኜም ይመስለኝ ነበር፤ አርጅቼም አልተለወጠም።

አንተ ግን ሮጠህ መጥተህ፣ "እማማ፣ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥተው፣ ድሮ ወላጅና ትምህርት ቤት እንዴት ተባብረው ይሠሩ እንደነበር ይንገሩልን" አልከኝ። ትሕትናህ ደስ ይላል። አዲስ ዳይሬክተር ነህ፤ ገና ማንንም አላስቀየምክም። "አስብበታለሁ" ብዬህ ሄድኩ። ይኸው አሰብኩበት። ለመድረክ የሚሆን ወሬ ስላልሆነ ለአንተ ብቻ ጻፍኩልህ።

ቢሮህ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች መካከል ባርኔጣ ያደረገ፣ ግንባረ ሰፊ ሰው አለ። ከሥሩ "የመጀመሪያው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ" የሚል ተጽፏል። ወሬዬ ከእሱ ጋር ነው። ሞቷል፤ ነፍስ ይማር እላለሁ፣ ሰው ነኝና። ከዚያ አልፌ አንድ ጥሩ ቃል አልጨምርለትም።

ያኔ ትምህርት ቤቱ አምስት የጭቃ ክፍል ነበር። የሠሩት ወላጆች ናቸው። ወንዶቹ ግንድ ከጫካ ተሸክመው አወጡ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው ጭቃ ረገጡ። እናቴ ተረከዟ እስኪሰነጠቅ ረግጣለች። እርጥብ ጭቃና ጭድ ሲሸተኝ ዛሬም የእሷን እግር ነው የማየው። ቦታውንም የሰጡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ሲሰጡ ግን አንድ ነገር ተነጋግረው ነበር። መሬቱ የትምህርት ቤቱ ይሁን፤ ቀፎ ያለበት ዛፍ ግን የባለ ቀፎው ነው። በእኛ አገር ዛፉ በማንም መሬት ላይ ይቁም፣ አያትህ ቀፎ ከሰቀለበት የአንተ ነው። የትም አልተጻፈም። ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

በግቢው ጫፍ ያለው ዋንዛ የአባቴ ነበር። ላዩ ላይ ሦስት ቀፎ ነበረው፣ ከግንድ ተፈልፍለው የተሠሩ፣ በሐረግ የታሰሩ። አንዱን የሰቀለው አያቴ ነው። ቡናም ነበረን፤ ቡና ግን ሁሉም ሰው አለው። አባቴን አባቴ የሚያደርገው ንቡ ነበር። ዘወትር የሚለብሰው አሮጌ ካቦርት ሰምና ጭስ ይሸታል። ሽታው እኔም ላይ ነበር። ክፍል ስገባ የከተማ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው "ንቢት መጣች፣ ጭስ አምጡ!" ይሉኝ ነበር። አብሬ እስቃለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ልብሴን በእንዶድ ደጋግሜ አጥባለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አዲስ ዳይሬክተር ከሰሜን መጣልን። ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ጫማው ጭቃ ሲነካው በወረቀት የሚጠርግ ሰው ነበር። በእኛ አገር ዝናብ ስንት ወረቀት እንደጨረሰ እሱ ያውቃል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። አገሩን አያውቅም ነበር፤ ያ ብቻ ነው። እሱ እስኪመጣ ድረስ ዘበኛው በፉጨት ነበር የሚሰበስበን። ዳይሬክተሩ ከቴፒ በጭነት መኪና ቸርኬ አስመጣና፣ "የት እንስቀለው?" ብሎ ሰብሳቢውን ጠየቀው።

ሰብሳቢው ዋንዛውን አሳየው። "ይሄ ነው የሚሻለው፤ ቅርንጫፉ በሬ ይሸከማል" አለው። እኔ መጥረጊያ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ያ ሰው የዚሁ አገር ልጅ ነው። ከአባቴ ጋር በአንድ ጅረት ሲዋኙ ነው ያደጉት። ቀፎዎቹን ያውቃል፤ ከማራቸው በልቷል። ግን ሚዛን ከተማ ወጥቶ ቡና መነገድ ከጀመረ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢም ከሆነ ወዲህ፣ ከሌላ አገር በመጣ ሹም ፊት ስለ ቀፎና ስለ ዛፍ ባለቤት ማውራት ያሳፍረው ጀመር። ቀና ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ላይ አላየም።

ለሦስት ቀን ምንም አልሆነም። አራተኛው ቀን ዝናብ መትቶ ከዚያ ፀሐይ የወጣበት፣ መሬቱ የሚተነፍስበት ቀን ነበር። ዘበኛው አዲሱን ደወል ከመጠን በላይ ወዶት ነበርና ለእረፍት ደጋግሞ መታው። መጀመሪያ የሰማነው ከሩቅ የሚመጣ ካፊያ የመሰለ ድምፅ ነው። ከዚያ ሜዳው ጠቆረ። የአንደኛ ክፍል ልጆች እየጮኹ ተበተኑ። አንዲት ትንሽ ልጅ ዓይኗ እስኪደፈን አበጠች፤ ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ተኛች። ዳነች፣ አትጨነቅ። ዛሬ ገበያ ላይ ዝንጅብል ትሸጣለች፤ ስታየኝ "ንቦችሽ ደህና ናቸው?" እያለች ትስቅብኛለች።

በማግሥቱ አባቴ ተጠራ። ካቦርቱን ለብሶ መጣ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሌላ ለሰው ፊት የሚሆን ልብስ ስላልነበረው። እኔንም ከክፍል አስጠሩኝ። ቢሮው ውስጥ አራት ነበርን፤ ዳይሬክተሩ፣ ሰብሳቢው፣ አባቴና እኔ። አባቴ አማርኛው የገበያ ነው። "ስንት ነው"፣ "ጨምር"፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከእኛ ቋንቋ፣ ከቤንችኛ፣ አንድ ቃል አያውቅም። ስለዚህ ሰብሳቢው ሊያስተረጉም መሃል ተቀመጠ።

ዳይሬክተሩ እንዲህ አለ፤ "ይቅርታ እንደምጠይቀው ንገርልኝ። ዛፉ የእሱ መሆኑን የሰማሁት ትናንት ከዘበኛው ነው። ቀድሜ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ቸርኬውን ዛሬውኑ አውርደን ሌላ ቦታ እንሰቅለዋለን። ልጆቹ ደግመው እንዳይነደፉ ግን ምን ብናደርግ ይሻላል? ንቡን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ይምከረን። ልጁም ጎበዝ ተማሪ ናት በልልኝ።" ይህን ሲናገር መነጽሩን ሁለት ጊዜ አውልቆ ጠረገ። ረጅም ንግግር ነበር። አንድም ቃል አልረሳሁም።

ሰብሳቢው ወደ አባቴ ዞረና በቤንችኛ፣ "ቀፎህን አውርድ ይልሃል። ካላወረድክ ልጅህን ያባርራታል" አለው።

በቃ። ያን ሁሉ ንግግር ወስዶ ይህን ሰጠው። ይቅርታው ቢተላለፍ ዛፉን የመረጠው ማን እንደሆነ ይጠየቃላ!

ሁለቱንም ቋንቋ የምሰማ ከእሱ ሌላ እኔ ብቻ ነበርኩ። አየኝ። አላፈጠጠብኝም፣ አልዛተብኝም። እንደ አጎት ፈገግ አለልኝ። አባቴም አየኝ። የእሱ አስተያየት ሌላ ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር።

ይህን ለሰው ስናገር ሁልጊዜ "ልጅ ነበርኩ፣ ትልቅ ሰው ዋሸ ማለት ፈርቼ ነው" እላለሁ። ሰውም ይቀበለኛል። ለአንተ ግን እውነቱን ልጻፍ። ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ሙቀት ነበር። የካቦርቱ የጭስ ሽታ ቢሮውን ሞልቶታል። ዳይሬክተሩ ተነሥቶ መስኮት ሲከፍት አየሁት። አፈርኩ። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅና አባቴ ሽታውን ይዞ እንዲወጣልኝ ነበር የፈለግሁት። ዝም አልኩ።

አባቴ "አወርዳለሁ" አለ። ሰብሳቢው ለዳይሬክተሩ፣ "በገዛ ፈቃዱ ቀፎውን አወርዳለሁ፤ ደወሉ ለልጆቻችን ነውና ባለበት ይቆይ ብሏል" ብሎ ተረጎመለት። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሥቶ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አባቴ ግራ ገባው። ልጅህን አባርራለሁ ያለ ሰው ለምን በሁለት እጁ ይጨብጣል?

የነጩ ማር አበባ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው። ቀፎ በዚያን ጊዜ አይወርድም። አባቴ ያንኑ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋንዛው ላይ ወጣ፤ እኔ ከሥር ሐረጉን ያዝኩ። ከላይ ሆኖ ንቦቹን በሹክሹክታ ሲያናግራቸው ይሰማኝ ነበር። ምን እንዳላቸው አላውቅም። የአያቴን ቀፎ በመጨረሻ አወረደው። ሦስቱንም ተሸክመን ቤታችን ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል፣ ጥላ ስር አስቀመጥናቸው። በአራተኛው ቀን ቀፎዎቹ ቀለሉ። አባቴ አንዱን በጣቱ መታ፣ ጆሮውን ለጠፈበት፣ "ሄደዋል" አለ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የትምህርት ቤቱን ግቢ አልረገጠም። ክፍል ሲጨመር ግንድ ላከ፣ እሱ ግን አልመጣም። ሰብሳቢው በየስብሰባው፣ "ቀፎውን ከልጁ ያስበልጥ የነበረ ወላጅ እንኳ በኮሚቴያችን ጥረት ተለውጧል" ይል ጀመር። ሰው ያጨበጭባል። አንድ ጊዜ እኔም ከተማሪዎቹ ጋር ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ወረቀት ሲሰጠን ስሜ ተጠራ፤ ዞር ብል ከአጥሩ ውጭ ካቦርቱን አየሁት። እዚያው ቆሞ አይቶኝ፣ እዚያው ዞሮ ሄደ።

ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ ወደ ማሻ ተዛውሮ ነበር። ሊሄድ ሲል፣ "አባትሽን ሰላም በይልኝ። እንደዚያ ያለ ቅን ሰው አላየሁም። ለምን ከእኛ እንደራቀ ግን አልገባኝም" አለኝ። "ሥራ በዝቶበት ነው" አልኩት።

ተማርኩ። ጤና ረዳት ሆንኩ፤ ሸኮም ጌጫም ሠራሁ። አባቴ ሲታመም ሚዛን እኔ ቤት አመጣሁት። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ ትራሱን ሳስተካክልለት፣ ድንገት እንዲህ አለኝ።

"ያ ዳይሬክተር ያን ቀን ብዙ ተናግሮ ነበር።"

"የትኛው አባባ?"

"መነጽር የሚያደርገው። ብዙ ተናገረ። ሰብሳቢው ሲነግረኝ ግን አጭር ሆነ። ስንት ዓመት አስቤዋለሁ። የቀረው ንግግር የት ሄደ? አንቺ አልሰማሽውም?"

ሃያ ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል። መንገር እችል ነበር። አንድ ትንፋሽ ነው። ይቅርታ ጠይቆህ ነበር፣ ምክርህን ፈልጎ ነበር፣ ንቡን የምታውቀው አንተ ነህ ብሎ ነበር ማለት ነው። ግን ያን ከነገርኩት፣ "አንቺስ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?" ይለኛል። መልሱ ካቦርቱ ነበር፤ ካቦርቱም አልጋው ራስጌ ተሰቅሎ ነበር።

"አላስታውስም አባባ" አልኩት።

"እሺ" አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀበርነው። ካቦርቱን ለማንም አልሰጠሁም። አልፎ አልፎ አውጥቼ አሸተዋለሁ፤ አሁን የሚሸተው ቁም ሳጥኑን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወላጅና ትምህርት ቤት እንዴት ይተባበሩ እንደነበር ይህ ነው። የሰብሳቢውን ፎቶ አውርድ አልልህም። ይሰቀል። እኔም ብሆን ከእሱ ጋር አብሬ የምሰቀል ነኝ፤ እሱ ዋሸ፣ እኔ አጨበጨብኩ። ዋንዛውን ግን ሄደህ እየው። የቸርኬውን ሽቦ ልጡ ውጦታል፤ ከላይ ደግሞ ሐረጉ የታሰረበት ጠባሳ አለ። አንተን ከማውቅህ በፊት የነበሩት ዳይሬክተሮች ሁሉ ከሥሩ አልፈዋል፤ አንዱም ያ ምንድነው ብሎ አልጠየቀም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለፈው ስብሰባ ከኋላ ቁጭ ብዬ ነበር። አንተ ስለ ልጆች መቅረት ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርክ። ቡና ለቀማ ሲደርስ ምን እናድርግ፣ እናንተ ምከሩን አልክ። ጥሩ ንግግር ነበር። የሚያስተረጉምልህ ሰው ግን ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከኋላ የተቀመጡት፣ ከገጠር የመጡት አባቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንተ ተስማሙ ብለህ ደስ አለህ። እኔ ግን ያን አነቃነቅ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ አልወጣም። ከኋላ በኩል፣ እነዚያ አባቶች አጠገብ፣ አንድ ወንበር አስቀምጥልኝ። አንተ ተናገር። እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ሲያጥርም እንዳጠረ፣ ሲረዝምም እስከ መጨረሻው።