ያልዶለዶመው የግራ ስለት

ኦሬስት ሃሊሺን በሬድ ዊሎው የበረዶ ሆኪ ክለብ ከተጫዋቾቹ ጫማ ሥር ያለውን የመንሸራተቻ ብረት ሲስል ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። እኔ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና ስለምነዳ ከክፍሉ አጠገብ ነው የምውለው፤ ቁጣውንም ዝምታውንም አውቃለሁ። የትኛው ተጫዋች የትኛው እግሩ እንዳመመው ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። አጥብቀው የሚገፉበት ብረት ይዶለዱማል፤ የሚፈሩት እግር ብረት ግን እንደተሳለ ይመለሳል። ያወቀውን ታዲያ ለማንም አይናገርም። በኛ ቤት መሳያው ላይ የታየ ነገር ከዚያች ክፍል አይወጣም።

በሚያዝያ ኮዲ ላቫሌ ጫማውን ይዞ መጣ። እንደሱ ያለ አጥቂ ከተማችን አይታ አታውቅም። ጥር ላይ ግራ ጉልበቱን ተጎድቶ ነበር፤ ሐኪሙ ድኗል ብሎ ፈርሞለታል። ውሉ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነው። ኦሬስት የአውራ ጣቱን ጥፍር በግራው ስለት ላይ ሳብ ሲያደርገው ጥፍሩ ተላጨ። ያውም ከተሳለ ከሦስት ጨዋታ በኋላ!

«አትረግጥበትም እንዴ?» አለው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ብረቱን ሳል እንጂ ሰው አትመርምር!» ኮዲ ሳቀ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ብሬንዳ የሦስት ዓመት ውል ልትሰጠኝ ነው። ሚስቴ ሰኔ ላይ ትወልዳለች። ሆድህ ይፍጀው፣ እሺ?»

ኦሬስት ቀኙን ብቻ ስሎ ጫማውን መለሰለት። እሱም በሃያ ሦስት ዓመቱ ሕመሙን ደብቆ ሲጫወት ነው ጉልበቱን ያጣው፤ ዛሬ ደረጃ የሚወጣው ግድግዳ ተደግፎ ነው።

ሐሙስ ዕለት የክለቡ ኃላፊ ብሬንዳ መጣች። ዓይኗ እንቅልፍ ያየ አይመስልም።

«እስከ ነገ እኩለ ቀን መወሰን አለብኝ። ፈርሜለት ቢሰበር ሌላ አጥቂ የማመጣበት ገንዘብ የለኝም። ባልፈርምለት የጎረቤት ከተማ ክለብ ወስዶት እኛው ላይ ጎል ያስቆጥርበታል፤ ከተማው በቁሜ ይቀብረኛል። ብረቱ ምን አለህ?»

«ብረት አፍ የለውም።»

«ኦሬስት፣ በናትህ!»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ዝም እንዲል ፈልጌ ነበር። እሱ ግን፣ «ግራውን አያምነውም» አላት። «ሦስት ዓመት አትስጪው። አንድ ስጪውና እንደገና አስመርምሪው።»

እንዳለው አደረገች። ሐኪሙ ደግሞ አየውና ደህና ነው አለ፤ ውሉ ግን አንድ ዓመት ብቻ ሆነ። ኮዲ ማን እንደተናገረበት ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገውም።

መስከረም ላይ ልምምድ ሲጀመር ኮዲ ጫማውን አንጠልጥሎ ገባ። ኦሬስት ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ኮዲ አልሰጠውም።

«መሳሉን አስተምረኝ። ከእንግዲህ የራሴን ራሴው እስላለሁ።»

«ኮዲ፣ ለጉልበትህ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አስተምረኝ።»

ሳምንት ሙሉ አስተማረው። ልጁ እጁ ፈጣን ነው፤ ቶሎ ገባው። አሁን ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቶ ይስላል፤ ኦሬስት ውጭ ቆሞ የማሽኑን ድምፅ ያዳምጣል። ብረቱን ሌላ ሰው ስለማያየው፣ የልጁ ጉልበት ይዳን ይባስ፣ ከኮዲ በቀር በክለቡ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም።