ለቀጭኔው የተሰጠች አንድ ድምፅ

ቡልቡላ፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር፣ መዋዕለ ሕፃናት ተከፍቷል። አጥሩ ላይ ቀጭኔ ሥለውበታል። እሱን ባየሁ ቁጥር አጎቴ ቱሉ ትዝ ይሉኛል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ይሄ ሁሉ ፎቅ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። ለሸንጎ ምርጫ ሦስት ዕጩ ይቅረብ ተባለ። ሁለቱ የፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ ሦስተኛ ሲጠፋ ገበሬ ማኅበራችን አጎቴን አቀረበ። ማንበብ ለማንችለው ሲባል ለየዕጩው የአውሬ ሥዕል ተሰጠ፤ ለሁለቱ አንበሳና ዝሆን፣ ለእሳቸው ቀጭኔ ደረሳቸው።

«በጃንሆይ ጊዜ የመረጥነው ሰውዬ ተመልሶ ደጃችንን አልረገጠም» ይሉ ነበር እየሳቁ። «እኔ የት እሄዳለሁ? በሬዎቼ እዚህ ናቸው። ሌላው ቢቀር አንተ እንዳትረሳኝ፣ አደራ።»

«ምን ነካዎት ጋሼ! እኔ እያለሁ?» አልኳቸው።

በምርጫው ቀን ግን ካድሬው አጠገቤ ቆሞ ወረቀቴን ሲያይ ፈራሁ። አንበሳው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ማምሻውን ውጤቱ ተነበበ፤ ቀጭኔ፣ አንድ ድምፅ።

«ራሱን መርጦ ነዋ!» አለ አንዱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ትከሻዬን ያዙ። «ራስን መምረጥ ነውር ነው፤ እኔ ለዝሆኑ ነው የሰጠሁት። ያቺ አንዷ ያንተ ናት። እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።

እሳቸው ካረፉ ቆየ። ያቺን ድምፅ ማን እንደሰጣቸው እስከዛሬ አላወቅሁም። የዚያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ተበትኗል፤ የምጠይቀውም የለኝ። በዚያ አጥር በኩል ሳልፍ አቀርቅሬ ነው።